ወንጪን በጀልባ መዞርና መዋኘት፦ ከጅማ ለሚነሣ ቡድን ዝርዝር መመሪያ

ከጅማ ወጥቶ ቀኑን በጀልባ ለመዋል፣ ደሴት ለመዞርና በመሀሉ ለመዋኘት የሚያስብ ሰው በመጀመሪያ ዓይኑን የሚጥለው ቅርብ ባለው ውሃ ላይ ነው። ቅርቡ ውሃ ግን ለመዋኛ አይሆንም። ከጅማ ዳር ያለው የቦዬ ውሃ ጉማሬ አለበት። የግቤ ወንዝም ከነሸለቆው ቆላ ነው፤ ጉማሬውም፣ አዞውም፣ ቢልሃርዚያውም እንዲህ ያለውን ለብ ያለ ውሃ ይወዳሉ። ከወሊሶ ወዲያ ያለው የወንጪ ሐይቅ ከዚህ ሁሉ ነፃ ነው። ሐይቁ ወደ 2,900 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሚገኝ ጉማሬም አዞም የለበትም። ቢልሃርዚያን የምታስተላልፈው ቀንድ አውጣም በአገራችን ከ2,200 ሜትር ገደማ በላይ እምብዛም አትገኝም።

ወንጪ የራሱ አደጋ አለው፤ የሚመነጨውም ከአፈጣጠሩ ነው። ሐይቁ የተኛው በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ ነው። ከሥር የነበረው ቅልጥ አለት ፈንድቶ ሲወጣ የተራራው አናት ተደርምሶ ወደ ውስጥ ገባ፤ ጉድጓዱንም ውሃ ሞላው። ስለዚህ ዳሩ እንደ ላንጋኖ ቀስ እያለ አይጠልቅም። ከውሃው በላይ የምታዩት ገደል ከውሃው በታችም ይቀጥላል። ጉልበቱ ድረስ ገብቶ የቆመ ሰው ሁለት እርምጃ ሲጨምር እግሩ መሬት ሊያጣ ይችላል። ጥልቁ ቦታ ከ70 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ሃያ ፎቅ ያለው ሕንፃ ቢቆምበት አናቱ አይታይም ማለት ነው። ውሃው ቀዝቃዛ ነው፣ አየሩም ስስ ነው። በዚህ መመሪያ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ምክር ከእነዚህ ነገሮች የመጣ ስለሆነ አንዱን ዘልሎ ሌላውን መያዝ አይበጅም።

ቀኑን መምረጥ

ጥሩው ጊዜ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ የካቲት መጨረሻ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡና ጉሙ ሐይቁን ይሸፍኑታል፣ ቁልቁለቱ ያዳልጣል፣ መብረቅም አለ። ኅዳርና ታኅሣሥ ሰማዩ የጠራ ነው፤ ሌሊቱ ግን ውርጭ ሊጥል ይችላል፣ የጠዋቱ ውሃም በጣም ይበርዳል። ለዋና የሚመቸው ጥርና የካቲት ነው።

ሁለት ነገር ከቀን መቁጠሪያው ጋር አመሳክሩ። ደሴቱ ላይ ያለው ቤተ ክርስቲያን ወንጪ ቂርቆስ ነው፤ ጥር 15 እና ሐምሌ 19 በዓሉ ይከበራል። በነዚህ ቀናት ጀልባዎቹ ምእመናን ሲያመላልሱ ስለሚውሉ ለሽርሽር አይገኙም፤ ቢገኙም በበዓል ሰው ፊት መዋኘት ነውር ነው። ሌላው ጾም ነው። ጥሩ ካልነው ወቅት ሰፊ ክፍል፣ ከኅዳር 15 እስከ ገና ዋዜማ፣ የነቢያት ጾም ነው፤ ስንቁ በዚያ መሠረት ይታሰብ። በረመዳን የሚጾም ሰው ካለ ጀልባው ላይ ይዋል እንጂ አይዋኝ። ሳይበላና ሳይጠጣ ብርድ ውሃ ውስጥ የገባ ሰውነት ሙቀቱን የሚተካበት ነገር የለውም።

ደርሶ መልስ በአንድ ቀን አይሞከርም። ከጅማ እስከ ወሊሶ ወደ 235 ኪሎ ሜትር፣ ከወሊሶ እስከ ወንጪ ደግሞ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ነው። ሌሊት ተነሥቶ፣ ዋኝቶ፣ በዚያው ምሽት የግቤን ቁልቁለት በድካም መንዳት ከውሃው የባሰ አደጋ ነው። የሚሠራው ዕቅድ ይኸ ነው፦ አርብ እስከ 6 ሰዓት ከጅማ መውጣት፣ ወሊሶ ማደር፣ ቅዳሜን ሐይቁ ላይ መዋል፣ ተመልሶ ወሊሶ ማደር፣ እሑድ ወደ ጅማ መግባት።

ከመነሣታችሁ ሳምንት በፊት፦ ማን ይዋኛል?

ይህን ጥያቄ ሐይቁ ዳር ደርሶ መመለስ አይቻልም። እዚያ ሁሉም ሰው «እችላለሁ» ይላል። በጅማ መዋኛ ገንዳ ያለው ሆቴል ሂዱና እያንዳንዱን ሰው ፈትኑ፦ ሳይቆም 50 ሜትር ይዋኝ፤ ቀጥሎ ምንም ሳይዝ ለ3 ደቂቃ በጀርባው ተንሳፍፎ ይቆይ። ሁለቱንም ያለ ጭንቀት የጨረሰ ወንጪ ላይ ተንሳፋፊ ነገር አጠገቡ አድርጎ መዋኘት ይችላል። አንዱን ያቃተው ላይፍ ጃኬቱን ሳያወልቅ ይግባ። ሁለቱም ያቃቱት ጀልባው ላይ ይቆይ፤ እግሩን ውሃ ውስጥ ቢነክር ይበቃዋል።

ፈተናውን አታቅልሉት። ጅማ ከባሕር ወለል 1,780 ሜትር ገደማ ነው። ወንጪ ላይ ከዚያ ከ1,100 ሜትር በላይ ትወጣላችሁ፤ በአንድ ትንፋሽ የምታገኙት ኦክስጅን ከጅማው ከመቶ አሥራ ሦስት ያህል ይቀንሳል። ገንዳ ውስጥ 50 ሜትር ላይ ያለከለከ ሰው እዚያ ከዚያ ባነሰ ርቀት ይደክማል። የልብ ሕመም ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት፣ አስም በብርድ የሚነሣበት፣ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ ከነዚህ ማንም ወደ ውሃው አይግባ።

የሚያዙ ዕቃዎች

ላይፍ ጃኬት በጀልባው ቁጥር ሳይሆን በሰው ቁጥር ያስፈልጋል። ጀልባው ላይ ያለውን ስትቀበሉ አንድ በአንድ ፈትሹ፦ ማሰሪያው ይቆለፋል? ስፖንጁ ሲጨመቅ ተመልሶ ይነፋል ወይስ እንደ ብስኩት ይፈረፈራል? የፈረፈረው ውሃ ስለሚመጥ አያንሳፍፍም። አድርጋችሁ ከታጠቃችሁ በኋላ ሌላ ሰው ትከሻው ላይ ይዞ ወደ ላይ ይጎትት፤ ጃኬቱ አገጭን አልፎ ጆሮ ጋ ከደረሰ ሰፍቷል፣ ውሃ ውስጥ ሰውየውን ትቶት ይወጣል። ለልጆች በጭን መካከል የሚያልፍ ማሰሪያ ያለው ካልተገኘ በጠፍጣፋ ጨርቅ ራሳችሁ ሥሩለት።

ሁለት ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን ባዶውን ያዙ። ይህ ገጽ ለመሙላት የተጻፈ ነገር አይደለም። ክዳኑ ጥብቅ ብሎ የተዘጋ ባዶ ጀሪካን ወደ 19 ኪሎ ይሸከማል፤ አንድ አዋቂ ሰው አፉና አፍንጫው ከውሃ በላይ እንዲሆን የሚያስፈልገው ወደ 5 ኪሎ ነው። አንድ ጀሪካን ሁለት የደነገጠ ሰው ይይዛል ማለት ነው። ክዳኑ ሥር ከፌስታል የተቆረጠ ቁራጭ አስገቡና አጥብቁት፤ ቤት እያላችሁም በርሜል ውስጥ ደፍቃችሁ አረፋ የሚወጣው መሆኑን እዩ። የዘይት ወይም የናፍጣ ጀሪካን አይሁን፤ እርጥብ እጅ ያንሸራትተዋል፣ ሐይቁንም ይበክላል።

እያንዳንዱን ጀሪካን ከ20 ሜትር ገመድ ጋር እሰሩ። ገመዱ ገበያ ላይ የሚሸጠው የፕላስቲክ ገመድ ይሁን፤ ውፍረቱ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሜትር። የፕላስቲኩ ገመድ ይንሳፈፋል። ናይለን ይሰምጣል፣ የቃጫ ገመድ ውሃ ጠጥቶ ይከብዳል፤ ሁለቱም ሞተር ባለው ጀልባ ሥር ገብተው ይጠመጠማሉ።

ሦስተኛው ዕቃ ብዙ ሰው የማያስበው ነው፦ መወጣጫ። ከውሃ ወደ ጀልባ መውጣት ከመዋኘት ይከብዳል፤ በብርድ የደነዘዘ ክንድ ሰውነትን አያነሣም። 4 ሜትር ገመድ ወስዳችሁ በየ30 ሳንቲ ሜትሩ የእግር ቀለበት ሥሩ። በእያንዳንዱ ቀለበት ግርጌ 30 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ጠንካራ ዱላ አስገብታችሁ እሰሩበት፤ ያለ ዱላው ቀለበቱ እግር ላይ ይጠብቃል። የመጨረሻው ቀለበት ከውሃው ወለል በታች ወደ 60 ሳንቲ ሜትር መውረድ አለበት፤ ካጠረ ጉልበት ወደ ደረት ስለሚቀርብ ለመግፋት ኃይል አይኖርም።

የቀረው ቀላል ነው፦ ለእያንዳንዱ ዋናተኛ ፎጣ፣ ደረቅ የሱፍ ሹራብ፣ ኮፍያና ካልሲ፤ ለሁለት ሰው አንድ ጋቢ፤ ሁለት ፔርሙዝ፤ ፊሽካ፤ ሹል አለት ላይ ለመቆም ኮንጎ ጫማ፤ የፀሐይ መከላከያ ቅባት። ደረቁ ልብስ በሁለት ፌስታል ተጠቅልሎ ይታሰር። ፀሐዩን አትናቁ፤ አየሩ ስለሚቀዘቅዝ ሲያቃጥል አይታወቅም፤ ውሃውም መልሶ ፊት ላይ ያንፀባርቃል።

ለመዋኛ ጥብቅ ያለ የናይለን ልብስ ይሁን። ሰውነትን ሸፍነው መዋኘት የሚፈልጉ ሴቶች ረጅም ጥብቅ ሱሪና እጅጌ ያለው የስፖርት ልብስ ቢለብሱ ይሻላቸዋል። የጥጥ ቀሚስ ውሃ ጠጥቶ እግር ላይ ይጠመጠማል፤ ጂንስም እንዲሁ።

መንገዱ

በሰርቦ፣ በአሰንዳቦና በሰኮሩ አድርጎ አበልቲን ካለፈ በኋላ መንገዱ ወደ ግቤ ሸለቆ ይወርዳል፤ ድልድዩ ወደ 1,100 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ሾፌሩ ቁልቁለቱ ሳይጀምር በፊት ዝቅ ያለ ማርሽ ያስገባ፤ በፍሬን ብቻ የሚወርድ ሚኒባስ ታች ሲደርስ የፍሬኑ ሸራ ይሸታል፣ ፍሬኑም መያዝ ያቅተዋል። ሌላው ምክር ለተሳፋሪ ነው፦ የሚያስመልሰው ሰው ከፊት ይቀመጥ። ወልቂጤ ላይ ቆማችሁ ብሉ። ክትፎና ቆጮው ከመንገዱ ዋና ደስታዎች አንዱ ነው፤ በደንብ ለመብላትም ትክክለኛው ቀን አርብ ሳይሆን የመመለሻው እሑድ ነው፤ አርብ ጾመኛ ያለበት ቡድን ሽሮ ወይም በየዓይነቱ ያገኛል።

በሕዝብ ማመላለሻ ለሚሄድም አይከብድም። ከጅማ መናኸሪያ ወደ አዲስ አበባ በሚሄድ መኪና ተሳፍሮ ወሊሶ መውረድ፣ ከዚያ ወደ ወንጪ የሚሄድ ሚኒባስ መያዝ ነው። ሰባት ስምንት ሰው ከሆናችሁ ግን ከወሊሶ ደርሶ መልስ ኮንትራት ያዙ፤ ወደ ማታ ከወንጪ የሚመለስ መኪና መጠበቅ ለረጠበ ሰው አይመችም። ወሊሶ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች እዚያ ማደሩ ሳንባን ለማግሥቱ ያለማምዳል።

ከጀልባ ሰዎች ጋር መዋዋል

ወንጪ ላይ አስጎብኚውን፣ ፈረሱንና ጀልባውን በተራ የሚያቀርቡት የአካባቢው ሰዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2021 የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ወንጪን ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ አድርጎ መርጧታል፤ የገበታ ለሀገር ፕሮጀክትም ብዙ ግንባታ አምጥቶላታል። ሰው ስለሚበዛ ውሉ ግልጽ ይሁን። የጅማ ሰው እዚህ ጥሩ ዕድል አለው፦ አፋን ኦሮሞ ይችላል። «አካም ቡልተን፣ ኦቦ» ብሎ የጀመረ ሰው ንግግሩ በሌላ መንፈስ ይሄዳል። ሐይቁን ሀሮ፣ ጀልባውን ቢዲሩ ይሉታል።

ከመክፈላችሁ በፊት እነዚህን ጠይቃችሁ ጨርሱ፦ ዋጋው በጀልባ ነው ወይስ በሰው? ለመሻገር ብቻ ነው ወይስ ደሴቱን ለመዞርም? ሁለት ቦታ ቆሞ ለመዋኘት፣ በየቦታው አንድ ሰዓት የሚጠጋ መጠበቅ ተካቷል? ላይፍ ጃኬቱስ? መግቢያ፣ አስጎብኚ፣ ጀልባና ፈረስ ለየብቻ ሊከፈሉ ይችላሉ፤ ደረሰኝ ጠይቁ። ዝርዝር ብር ያዙ። መዋኘት የሚፈቀድበትንና የማይፈቀድበትን ዳርቻም እነሱ ይንገሯችሁ። የጠበል ቦታ፣ ሴቶች ውሃ የሚቀዱበት ዳር፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት ያለው ውሃ ለመዋኛ አይጠየቅም።

አንድ ነገር ላይ አትደራደሩ፦ እናንተ ስትዋኙ ቀዛፊው ጀልባው ላይ፣ መቅዘፊያው እጁ ላይ ይሆናል። ለምን እንደሆነ ወደ በኋላ ይመጣል።

መጫን

ጀልባው ምን ያህል ሰው እንደሚይዝ የሚነግራችሁ ሰው ቁጥሩን ያወቀው በደረቅ ቀን ሊሆን ይችላል። እናንተ በዓይናችሁ ለኩ። ሰውና ዕቃ ከገባ በኋላ ከውሃው ወለል እስከ ጀልባው ከንፈር ዝቅተኛው ቦታ ድረስ ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር፣ ማለትም አንድ ስንዝር ከአራት ጣት፣ ይቅር። ከዚያ ካነሰ ሰው ይውረድና በሁለት ዙር ይሂድ። ከባድ ሰዎች መሀል ላይ፣ ዕቃው ወለል ላይ ይቀመጥ። ሞተር ካለው ነዳጁን በሦስት ክፈሉት፦ ሲሦው ለመሄጃ፣ ሲሦው ለመመለሻ፣ ሲሦው ሳይነካ ይቀራል። ሞተር ቢኖረውም መቅዘፊያ ሳይጫን አትነሡ።

ጀልባ የሚገለበጥበት የታወቀ ምክንያት ማዕበል አይደለም፣ ፎቶ ነው። አንዱ «እዩት!» ሲል ሁሉም በአንድ ወገን ይነሣል። ከመነሣታችሁ በፊት ተነጋገሩ፦ አንድ ሰው ሲነሣ ሌላው ይቀመጣል፤ ወዲያ ማዶ መሄድ የፈለገ በአራት እግሩ ዝቅ ብሎ ይሄዳል።

ደሴቱን መዞር

ከ3 ሰዓት ላይ ብትነሡ ሐይቁ እንደ መስታወት ነው። ነፋሱ አብዛኛውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ይነሣል። ስለዚህ ርቀት ያለውን ጉዞ ጠዋት፣ መዋኘቱን እኩለ ቀን አካባቢ፣ አጭሩን መመለሻ ከሰዓት አድርጉት።

መጀመሪያ ደሴቱ ላይ ውረዱ፤ ገና ደረቃችሁና በጨዋ ልብስ ሳላችሁ። ረጥቦና ተራቁቶ ወደ ቂርቆስ ቅጥር መውጣት ሰውን ያስቀይማል፣ ከናንተ በኋላ ለሚመጣውም በር ይዘጋል። ሴቶች ነጠላ ያድርጉ፣ ጫማ ከቅጥሩ ደንብ ጋር ይውለቅ፣ ፎቶ ለማንሣት አባቶችን አስፈቅዱ። ግማሽ ሰዓት ወይም አርባ ደቂቃ ይበቃል።

ከዚያ ደሴቱን ስትዞሩ ከዳሩ ከ20 እስከ 30 ሜትር ርቃችሁ ሂዱ። ወደ ዳር ከተጠጋችሁ ከውሃ በታች ያለ አለትና የወደቀ ግንድ የጀልባውን ሆድ ይቧጥጣል። ዓይናችሁን ወደ ገደሉም አንሡ፦ እንሰቱ፣ የገብሱ ማሳ፣ ከላይ ደግሞ ጽዱና ኮሶው በየደረጃው ይታያል፤ የእሳተ ገሞራው አፍ ምን ያህል ሰፊ እንደነበረ የሚገባውም ከዚህ ከታች ሲያዩት ነው። በዚሁ ዙር ላይ ሁለት የመዋኛ ቦታ ምረጡ፤ ስታልፉ አይታችሁ ተመለሱበት እንጂ መጀመሪያ ባያችሁት ቦታ አትዝለሉ።

ጥሩ ቦታ ማለት ነፋሱ ከኋላው ተጋርዶ፣ ፀሐይ ቢያንስ ለሁለት ሰዓት የመታው፣ ዳሩ ላይ ሰው ተደግፎ የሚቆምበት የአለት እርከን ወይም ሣር ያለው ነው። ሸምበቆና የውሃ አረም የበዛበትን እለፉት፤ እግር ይይዛል። ገደል በቀጥታ የገባበትንም እለፉት፤ መውጫ የለውም፣ ድንጋይም ይወርዳል።

መዋኘቱ

የመጀመሪያው ማረፊያ 5 ሰዓት ገደማ፣ ሁለተኛው 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ይሁን። በመካከላቸው ቢያንስ አርባ ደቂቃ ደረቅ ልብስ ለብሳችሁ ቆዩ።

ጀልባው ከዳሩ ከ5 እስከ 10 ሜትር ላይ ይቁም። ዳሩ በፍጥነት ስለሚጠልቅ መልሕቅ ላይደርስ ይችላል፤ ገመድ ወደ ዛፍ ወይም ወደ ጠንካራ አለት ይታሰር። ሞተሩ መጥፋት ብቻ ሳይሆን ከውሃ ወጥቶ ይነሣ። መወጣጫው ይውረድ፣ ጀሪካኖቹ ከነገመዳቸው ውሃው ላይ ይጣሉ፤ አንዱ ከጀልባው ኋላ፣ አንዱ ወደ ዳሩ። ሰው የሚዋኘው በጀልባውና በዳሩ መካከል ብቻ ነው። ከጀልባው ወዲያ ያለው ክፍት ውሃ የማንም አይደለም።

ይህ ድንበር የተሠመረበት ምክንያት ነፋስ ነው። ባዶ የቀረ ጀልባ ከውሃው በላይ ያለው አካሉ እንደ ሸራ ነፋስ ይይዛል፤ ቀስ ብሎ የሚመስለው ነፋስ ከዋናተኛ በላይ ያስኬደዋል። ሁሉም ዘሎ ገብቶ ጀልባው ሲርቅ ሰዎች ተከትለውት ይዋኛሉ፣ ጉልበታቸውን ይጨርሳሉ፣ የሚሰምጡት ከዚያ በኋላ ነው። ቀዛፊው ጀልባው ላይ ይቆይ ያልነው ለዚህ ነው። ጀልባ ቢርቅባችሁ ፊታችሁን ወደ ዳር እንጂ ወደ ጀልባው አታዙሩ።

በአንድ ጊዜ ከአራት ሰው በላይ አይግባ። ጥንድ ጥንድ ሁኑ፤ ጥንዱ አንዱ ሲወጣ ሌላውም ይወጣል። ጀልባው ላይ የቀረ አንድ ሰው ሥራው ራስ መቁጠር ነው፤ ስልክ አይነካም፣ ምግብ አያዘጋጅም። ሰዓት የሚይዘውም እሱ ነው፤ አንድ ረጅም ፊሽካ ሲነፋ ሁሉም ይመለሳል፣ ክርክር የለም።

ሲገቡ መዝለል ክልክል ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ደረትን በድንገት ሲነካ ሰው ሳይፈልግ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ይስባል፤ ያኔ ጭንቅላቱ ውሃ ውስጥ ከሆነ የሚስበው ውሃ ነው። ጎበዝ ዋናተኛም ከዚህ አያመልጥም። ስለዚህ በመወጣጫው ቀስ ብላችሁ ውረዱ፤ መጀመሪያ ፊትንና ደረትን በእጅ አርጥቡ፣ ከዚያ እስከ ወገብ፣ ከዚያ እስከ አንገት። ጀሪካኑን ወይም ገመዱን ይዛችሁ ትንፋሽ እስኪረጋ ቆዩ፤ ከአንድ እስከ ሦስት ደቂቃ ይወስዳል። አንድ ዓረፍተ ነገር ሳትቋረጡ መናገር ስትችሉ መዋኘት ትችላላችሁ፤ ከዚያ በፊት አይሆንም።

በመጀመሪያው ማረፊያ 8 ደቂቃ ይበቃል። በሁለተኛው፣ ቀደም ሲል ያልተንቀጠቀጠ ሰው እስከ 12 ደቂቃ ይቆይ። የሚያስቸግረው ሰው «ለመድኩት» የሚለው ነው። ቆዳ ስለደነዘዘ ብርዱ አይሰማም እንጂ ክንድና እግር ጉልበት እያጡ ነው። አውራ ጣትን ከትንሿ ጣት ጋር ማገናኘት ያቃተው ወዲያው ይውጣ፤ ትንሽ ቢቆይ መወጣጫውን መጨበጥ ያቅተዋል።

ሐይቁ ላይ ነጭ አረፋ ያለው ሞገድ ከታየ የመዋኘቱ ነገር በዚያ ቀን አበቃ። ብልጭታ ካያችሁ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ቁጠሩ፤ ሠላሳ ሳይሞላ ከተሰማ ሁሉም ከውሃም ከጀልባም ይውጣ፤ ብቻውን ከቆመ ዛፍ ሥር ግን አትጠለሉ።

ከውሃ ከወጡ በኋላ

እርጥቡን ልብስ መጀመሪያ ከላይ፣ ቀጥሎ ከታች አውልቁና ወዲያው ደረቁን ልበሱ፤ ኮፍያ አትርሱ። ከወጡ በኋላ ለአሥር ደቂቃ ያህል ብርዱ ሊብስ ይችላል፤ ከእጅና ከእግር የቀዘቀዘው ደም ወደ መሀል ስለሚመለስ ነው። ስለዚህ የሚንቀጠቀጠውን ሰው እጅና እግሩን አትሹት፣ እንዲሮጥም አታድርጉት። አስቀምጡት፣ በጋቢ ሸፍኑት፣ ስኳር የበዛበት ሻይ ስጡት። የጅማ ቡና ከፔርሙዝ ደስ ይላል፤ ለበረደው ሰው ግን ጣፋጩ ሻይ ይቅደም።

አረቄ «ብርድ ያባርራል» የሚባለው እዚህ አይሠራም። አረቄ የቆዳን ደም ሥር ስለሚከፍት ሙቀት ይሰማል፣ የሰውነት ውስጥ ሙቀት ግን በዚያው ይወጣል። ከመዋኘት በፊትም በኋላም፣ ቀኑን ሙሉ፣ አይቀመስ።

ለስንቅ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሙዝ ይሆናል፤ ጾም ካልሆነ ጭኮ የሚያህል የለም፤ ገብሱና ቅቤው ለረጅም ጊዜ ያሞቃል። ዋናውን ምሳ ከሁለተኛው ማረፊያ በኋላ ዳር ላይ ወጥታችሁ ብሉ። ዙህር የሚሰግዱም እዚያው ይሰግዳሉ። የፌስታልና የፕላስቲክ ጠርሙስ ቁራጭ ሳይቀር ይዛችሁ ውጡ፤ ሐይቁ ጎድጓዳ ስለሆነ የወደቀው ሁሉ እዚያው ይቀራል።

ሰው ሲሰምጥ

የሚሰምጥ ሰው አይጮህም። አፉ ከውሃ ወለል ጋር ተስተካክሎ፣ ጭንቅላቱ ወደ ኋላ ዘንበል ብሎ፣ እጆቹ ውሃውን ወደ ታች ሲጫኑ ታያላችሁ፤ የሚጫወት ይመስላል። ስሙን ጠርታችሁ ካልመለሰ አትጠብቁ። ጀሪካኑን ከሱ አልፎ እንዲወድቅ ወርውሩና ገመዱን ወደ እጁ ሳቡት። ካልያዘው ጀልባው ይቅረበው፤ ሞተር አይነሣ፣ በመቅዘፊያ። ባዶ እጁን ማንም አይግባ፤ የደነገጠ ሰው ያቀፈውን ይዞ ይሰምጣል።

ከወጣ በኋላ የማይተነፍስ ከሆነ ሆዱን በመጫን ወይም ዘቅዝቆ በማንጠልጠል ጊዜ አታባክኑ። በጀርባው አስተኝታችሁ፣ አገጩን ቀና አድርጋችሁ፣ አፍንጫውን ይዛችሁ አምስት ጊዜ በአፉ ተንፍሱለት። ካልነቃ መሀል ደረቱን በሁለት እጅ ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር እያጎደጎዳችሁ 30 ጊዜ ጫኑ፤ ፍጥነቱ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ይሁን፤ ከዚያ ሁለት ትንፋሽ፤ እንዲሁ እያፈራረቃችሁ ቀጥሉ። ቢነቃም፣ ደህና ነኝ ቢልም፣ ወደ ወሊሶ ቅዱስ ሉቃስ ሆስፒታል ይሂድ። ሳንባ ውስጥ የገባ ውሃ ከሰዓታት በኋላ ትንፋሽ ሊያሳጥር ይችላል። ስለዚህ መኪናው ቁልፉ ካለበት ሰው ጋር ከላይ ሳይሆን ሊደርስበት በሚችለው ቅርብ ቦታ ይጠብቅ።

ወደ ሆራው፣ ከዚያ ወደ ቤት

8 ሰዓት ላይ ጀልባውን ለቃችሁ በእግር ወይም በፈረስ ወደ ፍል ውሃውና ወደ ማዕድን ውሃው ምንጭ (ወደ ሆራው) መሄድ ትችላላችሁ። እሳተ ገሞራው ከሥር አሁንም ሙቀትና ጋዝ ይልካል። እንደ አምቦ ውሃ የሚፈላው ምንጭ አረፋ የሚሠራው በካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ይህ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ነፋስ በሌለው ጎድጓዳ ቦታ ወለል ላይ ይተኛል። ስለዚህ ልጆች ጉድጓዱ ውስጥ ጎንበስ ብለው ፊታቸውን አያስገቡ፣ ማንም እዚያ ጋደም አይበል። ፍል ውሃው ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት በክንድ ውስጠኛ ክፍል ለኩት፤ የደነዘዘ እግር ማቃጠሉን አያውቅም። ሰው ለፈውስ የሚጠመቅበት ከሆነ ተራና ሥርዓቱን ጠብቁ።

ሽቅቡን ቀስ ብላችሁ ውጡ፤ እያወራችሁ መውጣት ካቃታችሁ ፈጥናችኋል ማለት ነው። ዋናተኞቹ ደክመዋልና ፈረሱ ለእነሱ ይሁን። 10 ሰዓት ላይ መኪናው ጋ ከሆናችሁ ሳይጨልም ወሊሶ ትገባላችሁ። ሾፌሩ ዋናተኛ ባይሆን ይመረጣል።

እሑድ ጅማ ስትገቡ ላይፍ ጃኬቱን ጥላ ላይ አንጠልጥላችሁ አድርቁ፤ ፀሐይ ማሰሪያውን ያደርቀዋል፣ ስፌቱንም ያላላዋል። ገመዱ ከነቋጠሮው እርጥቡን ጆንያ ውስጥ አይቀመጥ። የጀሪካኖቹን ክዳን ክፈቱ፤ ከቆላ ወደ ደጋ፣ ከደጋ ወደ ቆላ ሲመላለሱ አየሩ ስለሚጨምቃቸው ጎናቸው ተሰርጉዶ ልታገኙት ትችላላችሁ።